ዐሥራ ሦስተኛው ወር ያቆመው ሰልፍ

«እማ፣ ይኼ ሁሉ ሰው ማንን ነው የሚጠብቀው?» አለችኝ ፍሬ፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ቦኖ ውኃ ልንቀዳ ተሰልፈን። «ከፊቱ ያለውን» አልኋት። «ከፊቱ ያለውስ?» «እሱም ከፊቱ ያለውን።» አላረካትም። ነጠላዬን ለቃ ሄደች፤ ሰውን ሁሉ አንድ በአንድ እየጠየቀች ከሰልፉ ራስ ደረሰች። ለካ ከፊት የቆመችው ሴትዮ የጀሪካኗ ክዳን ጠፍቶባት ኖሯል። ያን ቀን እንዴት እንደሳቅን!

ልጄ አደገች፣ ኮምፒዩተር ተማረች፣ አሁን አዲስ አበባ ትዳር ይዛለች። እኔ የምነግራችሁ ግን ገና ደሴ አብራኝ ሳለች፣ የፊት ክፍላችንን ቢሮዋ አድርጋ የጤና ጣቢያዎችን የቀጠሮ መተግበሪያ እንዳይበላሽ ስትከታተል የሆነውን ነው። ደግ ጊዜ ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ ደብሪቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንዲት ተራ ፈለጉ። የዓይን ሐኪሞች በዓመት አንዴ ለሦስት ቀን ይመጣሉ፤ ምዝገባው በመተግበሪያው ነው፤ የዚያን ዕለት ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። የእትዬ አንድ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ሁለተኛውን ሞራ ሸፍኖታል፤ «ለከርሞ አይቆይም» ተብለዋል። በስልኬ ልመዘግባቸው ብል ገጹ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ገጹ ለእትዬ ደብሪቱ ተራ አልሰጥ አለ።

«ፍሬ፣ ምነው ይኼ ገጽሽ እምቢ አለኝ?»

«ሰው ሁሉ እየደወለ ነው እማ። ቆይ፣ ረዳቱን ልጠይቀው።»

ረዳቱ የምትለው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ነው። እንደ ሰው ጽፋ ትጠይቀዋለች፤ እሱ የመተግበሪያውን ልኬት ሁሉ፣ የቱ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ፣ የቱ ስንቱን እንዳስቆመ፣ አይቶ ይነግራታል። እሷ ጮክ ብላ ታነባለች፤ እኔ ምስር እለቅማለሁ፤ እትዬ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ።

«ገጹ በአንድ ሰከንድ ይከፈት ነበር፤ ዛሬ አርባ ሰከንድ ፈጀ» አለ ረዳቱ። ለምን? መልስ የሚልክለት፣ ሰርቨር የሚሉት ኮምፒዩተር አልመልስ ብሎት። ሰርቨሩ ለገጹ አልመልስ፣ ገጹ ለእትዬ ደብሪቱ ተራ አልሰጥ አለ።

«ሰርቨሩ ደክሞት ይሆን?» ብላ ጠየቀችው። «አልደከመውም፤ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። መዝገቡ አላስገባው ብሎ ነው» አላት። ስማችንና ቀጠሯችን ሁሉ ያለበት መዝገብ ሃምሳ በሮች አሉት፤ ሃምሳውም ተይዘዋል። መዝገቡ ሰርቨሩን አላስገባ፣ ሰርቨሩ ለገጹ አልመልስ፣ ገጹ ለእትዬ ደብሪቱ ተራ አልሰጥ አለ።

«እንደ ሰው ነው እንዴ፣ እርስ በርሱ የሚያሳብበው?» አሉ እትዬ።

«ከሰው ይብሳል እትዬ» አለች ፍሬ፣ እየጻፈች።

በሮቹን ማን ያዘ? ሰልፍ። ሦስት ሺህ ጠያቂ ተደርድሮ፣ ሁሉም ከፊቱ ያለውን ይጠብቃል። ሰልፉ ከበሩ አልነሣ፣ መዝገቡ ሰርቨሩን አላስገባ፣ ሰርቨሩ ለገጹ አልመልስ፣ ገጹ ለእትዬ ደብሪቱ ተራ አልሰጥ አለ።

አምስት ሰዓት ሆነ። እኔ ምስሩን ትቼ በልቤ እመቤቴን መለመን ጀመርሁ።

«ከሰልፉ ራስ ላይ ማን አለ?» ብላ ጻፈች። ረዳቱ ሰልፉን አየና፣ «አንድ ቅጽ አለ። ከኮምቦልቻ የተላከ የሕፃን የክትባት ቀጠሮ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አራት ሺህ ጊዜ ሞክሯል፣ አራት ሺህ ጊዜ ተመልሷል» አለ። ቅጹ ከሰልፉ ራስ አልወርድ፣ ሰልፉ ከበሩ አልነሣ፣ መዝገቡ ሰርቨሩን አላስገባ፣ ሰርቨሩ ለገጹ አልመልስ፣ ገጹ ለእትዬ ደብሪቱ ተራ አልሰጥ አለ።

ቅጹስ ምን ሆኖ ነው? የወሮች ዝርዝር አልቀበል ብሎት። ረዳቱ እንዲህ አለ፦ «የትውልድ ወሩ 13 ተብሎ ተጽፏል። በዝርዝሩ ያሉት ወሮች ዐሥራ ሁለት ናቸው። ስህተት ይመስላል፤ ቅጹን ልሰርዘው?»

«ይሰረዛ!» አለች ልጄ፣ ጣቷን አንሥታ።

«ቆይ ፍሬ። ዛሬ ስንት ነው?»

«ሴፕቴምበር ስድስት።»

«በኛስ?»

ከበርጩማው ላይ እትዬ ጮኹ፦ «ጳጉሜን አንድ ነዋ! እኔ የጠፋኝ ዓይኔ ነው እንጂ ቀኑ አይደለም!»

ፍሬ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ዝርዝሩን የሠራችው ራሷ ናት። ከውጭ የመጣውን ዝርዝር ወስዳ፣ በጃንዋሪ ፈንታ መስከረም እያለች ስሞቹን ቀይራ፣ ዐሥራ ሁለት ላይ ሲያልቅ እሷም አቆመች። መተግበሪያው ሥራ የጀመረው በጥቅምት ስለሆነ ጳጉሜን አይቶ አያውቅም። ኮምቦልቻ ደወለች፤ ሲስተር ሰዓዳ የምትባል ነርስ አነሣች።

«እህቴ፣ ቅጹን ያስገባሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። እዚህ አብረውኝ የሚሠሩት ነሐሴ ሠላሳ ብለሽ ገላግይን ብለውኛል፣ እምቢ አልሁ። ልጁ ዛሬ ነው የተወለደው፤ ገና ስም እንኳ ባልወጣለት ልጅ ላይ አልዋሽም።»

«እንኳን አልዋሸሽ» አለቻት ፍሬ። ወደ ረዳቱም ዞራ፣ «አትሰርዝ፤ ዐሥራ ሦስተኛ ወር አለን፣ አምስት ቀን ነው፣ በየአራት ዓመቱ ስድስት ይሆናል» ብላ ጻፈችለት። እሱም እሺ አለ፤ የሚስተካከለውን ቦታ አሳያት፣ እሷም ጻፈች። ያን ጊዜ ለስድስት ዐሥር ጉዳይ ነበር።

ዝርዝሩ ቅጹን ተቀበለ፤ ቅጹ ከሰልፉ ራስ ወረደ፤ ሰልፉ ከበሩ ተነሣ፤ መዝገቡ ሰርቨሩን አስገባ፤ ሰርቨሩ ለገጹ መለሰ፤ ገጹም ለእትዬ ደብሪቱ ተራ ሰጠ። ጳጉሜን ሦስት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።

«ተመስገን» አልን እኔና እትዬ። ፍሬ ሳቀች፣ ሳቋ ግን እንባ እንባ ይለው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሐኪሞቹ ዘንድ ሊቀርቡ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ውኃ አሙቄ የእትዬን ፀጉር አጠብሁላቸው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለብዙ ቀን ዓይናቸውን ውኃ እንዳይነካው ተብለዋል። ቅቤ ቀብቼ፣ ከጉልበቴ ሥር አስቀምጬ ሹሩባ ሠራኋቸው።

«ይታክቱ፣ ሽበቱ በዝቷል?» አሉኝ ስሜን ጠርተው።

«እኔ አልነግርዎትም» አልኋቸው። «ራስዎ ያዩታል።»