እስከ ሐሙስ ይቆይ

፦ ተረት ተረት።
፦ የላም በረት።
፦ ላሞቹ ገብተዋል?
፦ ገብተዋል፤ በረቱም ተዘግቷል።
፦ እንግዲያ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

በድሮ ዘመን ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች አንዲት መንደር ነበረች። የመንደሯ ሰዎች አንድ ልማድ ነበራቸው። ጳጉሜ ሲገባ ቤታቸውን ይጠርጉና የተሰበረውን፣ የተሰነጠቀውን፣ የተቀደደውን ዕቃ ሁሉ ወደ ገደሉ ይጥሉ ነበር። ከዚያም ዞር ብለው አያዩትም። የዓመቱ ክፉ ዕድል ከስባሪው ጋር ይወርዳል ይሉ ነበር።

በዚያች መንደር ስንሻው የሚባል ሽማግሌ ነበረ። ሚስቱ ሞታለች፤ ልጅ የለውም። አያ ስንሻው መስከረም ሲጠባ በጠመዝማዛው መንገድ ገደሉን ይወርድና የተጣለውን ይለቅም ነበር። የተሰነጠቀውን ቅል በጅማት ይሰፋል። የተቀደደውን ስልቻ ይጥፋል። ካበጀው ዕቃ ለቸገረው ይሰጣል፤ የቀረውን ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል። ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ማንም ምንም አይለውም ነበር።

አንድ ዓመት ታዲያ ጥቅምት ላይ በረዶ ወረደና የባቄላውን አበባ አራገፈው። ቢያድግልኝ የሚባል ባለ ብዙ ማሳ ሰው ነበረ። እሱ ከሁሉ ይልቅ ተቆጣ። ሰው ሰበሰበና፣ ይህ ሰውዬ እኛ የጣልነውን መዓት እያነሣ መልሶ አስገባብን፣ ዛሬውኑ ከመንደር ይውጣ አለ። በረዶው የስንሻውንም ባቄላ አራግፎት ነበር። ያን ያነሣ ግን አልነበረም።

ከዚያም ወደ ጭቃ ሹሙ ሄዱ። ጭቃ ሹም ማለት የመንደር አለቃ ነው። ደምላሽ ይባላል፤ ብዙ አይናገርም። ነገሩን ሰማና፣ ሳላይ አልፈርድም አለ። ተያይዘው ወደ ስንሻው ጎጆ ሄዱ።

ስንሻው ደጁ ላይ ሥራ ይዞ ነበር። ተነሥቶ እጅ ነሣ። የመጡበትን ነገሩት።

፦ ሰባ ዓመቴ ነው፣ አለ። በዚህ ዕድሜዬ ማን አገር ያስጠጋኛል?



ጎጆው ጠባብ ነበረና ተራ በተራ ገቡ። መጀመሪያ ይመኙሻል የምትባል ሴት ገባችና ቆማ ቀረች። ግድግዳው ላይ አንቀልባዋን አየች። ሦስት ልጆቿን ያዘለችበት ነው። ማንገቻው ቢበጠስባት ጥላው ነበር። አሁን አዲስ ማንገቻ አለው። አወረደችና አሸተተችው። የልጆቼ ሽታ አልለቀቀውም አለች። ከዚያም አንዱ የአባቱን የቀንድ ዋንጫ አገኘ። ጠርዙ ላይ የጥርስ ምልክት አለው። አባቴ ሲናደድ ይነክሰው ነበር አለ። እንዲህ እያሉ ስለ እናታቸው፣ ስለ አባታቸው ያወሩ ጀመር። በረዶውን ያነሣ አልነበረም።

ቢያድግልኝ አልገባም ብሎ ደጅ ቀርቷል። ደጅ ሳለ ስንሻው ሲሠራው የነበረውን አየ። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነው። አንዱ እግር በጠፍር ታስሯል። መቀመጫው ወደ አንድ ወገን ጎድጉዷል። የቢያድግልኝ እናት ዳሌዋን ታማ አርባ ዓመት አዘንብላ የተቀመጠችበት ነው። እሷ በሞተች በዓመቱ ገደል የጣለው ራሱ ነው።

ጭቃ ሹሙ ወጣና ሰዉን አቆመ።

፦ ዕቃው ክፉ ዕድል ከሆነ የያዛችሁትን አኑሩ፤ ሰውየውም ሁሉንም ተሸክሞ ዛሬ ይውጣ። ዕቃው ንጹሕ ከሆነ ግን ሰውየው ምን አጠፋ?

ይመኙሻል አንቀልባውን አልለቀቀችም። ዋንጫ የያዘውም አላኖረም። ሁሉም ወደ ቢያድግልኝ ዞሩ፤ ከሳሹ እሱ ነውና። ቢያድግልኝ በርጩማውን አነሣ።

፦ ተው፣ አለው ስንሻው። ጠፍሩ እርጥብ ነው። ጠፍር የሚጨብጠው ሲደርቅ ነው። ዛሬ ብትቀመጥበት እግሩ ይወልቅና ትወድቃለህ። ያን ጊዜ ደግሞ ክፉ ዕድሉ ነው የጣለኝ ትላለህ።

ሰው ሳቀ። ቢያድግልኝ አልሳቀም።

፦ መቼ ይደርቃል?

፦ ሐሙስ።

ቢያድግልኝ በርጩማውን መልሶ አስቀመጠው። ወደ ጭቃ ሹሙም ዞረና፦

፦ እስከ ሐሙስ ይቆይ፣ አለ።

ሐሙስ ማልዶ መጣ። በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ ወደ አንድ ወገን አዘነበለ።  በብብቱም የተሰነጠቀ ገበታ ይዞ ነበር።

፦ ይህኛውስ ስንት ቀን ይፈጃል?

፦ እስከ ማክሰኞ።

፦ እንግዲያ እስከ ማክሰኞ ይቆዩ፣ አያ።

ማክሰኞም ሌላ ሰው የተቀደደ ወንፊት ይዞ መጣ፤ እሱም እስከ ቅዳሜ ይቆዩ አለ። ስንሻው እንዲህ ይቆዩ እየተባለ ስምንት ዓመት ቆየና በገዛ ጎጆው ሞተ። በእነዚያ ዓመታት በረዶ ሁለት ጊዜ ወርዷል፤ ባቄላም አራግፏል። በረዶ ነው አሉ እንጂ ሰው ነው አላሉም።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦ ከሌለም ቆሎ ዝገኑና አፌን አብሱ።