በኩፖን የማይሰጠው ውሃ

አንድ ባለሱቅ በአንዲት የቆላ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ደርበው ይባላል። ከተማዋ ፀሐይ የወደዳት፣ ዝናብ ግን ያኮረፋት ቦታ ነበረች። ድርቁ ሲከፋ ከየገጠሩ የተፈናቀሉ ሰዎች ከደረቁ ወንዝ ማዶ የላስቲክ መጠለያ ሠርተው ሰፈሩ፤ የእርዳታ ኩፖንም ይታደላቸው ጀመር። ኩፖኑን ይዞ ወደ ደርበው ሱቅ የመጣ ሰው ዱቄት፣ ምስር፣ ዘይት፣ ስኳርና ጨው ይወስዳል። ሕጉ አጭር ነበር፦ በኩፖን ምግብ እንጂ ሌላ ነገር አይሰጥም።

ሕጉ በከንቱ አልወጣም። ከደርበው በፊት ኩፖን ይቀበል የነበረው ነጋዴ ለወንዶቹ በዱቄት ፈንታ አረቄ ይሰጣቸው ነበርና አባወራው እየዘፈነ ሲገባ ልጆቹ ጦማቸውን ያድሩ ነበር። የከተማዋ ሽማግሌዎች ያንን ነጋዴ አስወግደው ደርበውን መረጡ። እሱም አላሳፈራቸውም። ሚዛኑ የማይዋሽ፣ ለዘመድ የማያዳላ፣ ለባለሥልጣን የማያጎበድድ ሰው ነበር። ኩፖን የሚደርሳቸው የገዛ አክስቱ አንድ ቀን ሳሙና ቢጠይቁት «አክስቴ፣ ሳሙና ይበላል እንዴ?» ብሎ መልሷቸዋል። ይህን እሱ ለሰው ሲያወራ ደስ ይለው ነበር፤ አክስቱ ግን እስካሁን አልሳቁም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሩቅያ የምትባል ወጣት እናት ወረፋዋ ደርሶ ባንኮኒው ፊት ቆመች። ልጇን አዝላዋለች። የልጁ አንገት መቆም ተስኖት ትከሻዋ ላይ ተጋድሟል፤ ዓይኖቹ ጎድጉደዋል፤ ከንፈሩም ተሰነጣጥቋል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ዱቄቱ ይቅርብኝ» አለች ኩፖኑን እየዘረጋች። «ያንን፣ ከላይ ያለውን በውሃ የሚበጠበጥ ኦ አር ኤስ ይስጡኝ። ከታሸገው ውሃም ይጨምሩልኝ።»

«ልጁ ምን ሆኖብሽ ነው?»

«ተቅማጥና ትውከት ይዞታል። ሆዱ ውስጥ የሚረጋ ነገር ጠፋ። ጤና ኬላ ሄጄ ነበር፤ አልቋል፣ ነገ ይመጣል አሉኝ።»

ደርበው ቀና ብሎ ፓኬቶቹን አያቸው። ዓይኑ እያዘነ አፉ የለመደውን ተናገረ።

«እህቴ፣ እሱ መድኃኒት ነው። ኩፖኑ ደግሞ የምግብ ነው።»

«ልጄ ሌላ የሚቀበለው ነገር የለም እኮ። ዱቄቱን ምን ላድርግለት?»

«ገብቶኛል። ግን ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።»

«ታዲያ ማን ነው ያወጣው? ይንገሩኝና ሄጄ እግሩ ላይ ልውደቅ።»

ደርበው ከራሴ ልስጣት ብሎ እጁን ወደ መደርደሪያው ሊሰድ ቃጣው። ግን ከኋላዋ የተሰለፈውን ሰው አየ። ለአንዷ በምጽዋት ሰጥቼ ለቀጣይዋ ምን ልላት ነው? ሕግ ጣሰ ተብዬ ኩፖኑን ብነጠቅስ ይህ ሁሉ ሰው በዚህ ፀሐይ ሌላ ከተማ ድረስ ሊሄድ አይደለም? እንዲህ እያሰበ ዱቄቱን መዘነላት። ሳያጎድል መዘነ፤ እንዲያውም ለህሊናው አንድ ጭልፋ ጨመረበት። ሩቅያም ዱቄቱን ተቀብላ ልጇን አስተካክላ አዝላ ሄደች። ብትረግመው ይሻለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው እጅ እጅ አለው። ለአንዱ ጨው መመዘኑን ረሳ፣ ለሌላው ዘይት ሲቀዳ አፈሰሰው። እኩለ ቀን ላይ ሱቁን ዘጋና አንድ ፓኬት ኪሱ ከትቶ ወደ ሼህ ኢብሬ ቤት አቀና። ሕጉን ያወጡት የሽማግሌዎቹ አለቃ እሳቸው ነበሩ።

ሼህ ኢብሬ ግራር ሥር ቁርበት አንጥፈው ተቀምጠዋል። በዚያ አገር ከፀሐይ የመጣን እንግዳ ውሃ ሳያጠጡ «ምን እግር ጣለህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ባዶ ውሃ ማቅረብም ነውር ነው። ስለዚህ ደርበው ሰላምታውን ሳይጨርስ ውሃ በጣሳ፣ ከሱም ጋር ቁራሽ ዳቦ መጣለት። ቀመሰ፣ ጠጣ፣ ላቡን ጠረገ።

«እህ፣ አሁን ተናገር» አሉት ሼሁ።

«አባባ፣ ይፍረዱኝ። ይኼ ነገር ምግብ ነው ወይስ መድኃኒት?» ብሎ ፓኬቱን አውጥቶ ሰጣቸው፤ የሩቅያንም ነገር አንድ ሳያስቀር ነገራቸው።

ሼሁ ፓኬቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው መለሱለት። «ዓይኔ ደክሟል። ምን ምን አለበት? አንብብልኝ።»

«ስኳር አለበት። ጨው አለበት። ሌላም ጨው ነክ ነገር ጥቂት ጥቂት አለበት።»

«በኩፖን ስኳር ትሰጣለህ?»

«እሰጣለሁ።»

«ጨውስ?»

«እሱንም እሰጣለሁ።»

«ታዲያ ለየብቻ ሲመጡ እሺ ያልካቸውን ተጋብተው ሲመጡ በር ትዘጋባቸዋለህ?»

ደርበው ሳቁ መጣ፤ ግን አፉ ላይ ደርሶ ተመለሰ። «ሕጉ ነው እኮ አባባ። እርስዎ ራስዎ ያወጡት።»

«ያወጣሁትማ እኔ ነኝ። ስናወጣው ከአረቄው በቀር የታየን ነገር አልነበረም፤ ጥፋቱ የኔም ነው። አባት የልጁን እራት እንዳይጠጣው ብዬ ያወጣሁት ሕግ ልጁን ራሱን ውሃ ከከለከለው ምኑን ሕግ ሆነ?» አሉ። «ለመሆኑ አሁን ስትመጣ ርቦህ እንደሆነ፣ ጠምቶህ እንደሆነ ጠየቅኩህ?»

«አልጠየቁኝም።»

«ፊትህን አይቼ ነዋ። አንተ የልጁን ፊት አላየህም?»

«አይቻለሁ» አለ ደርበው። «አይቼ ነው የከለከልኳት።»

ሼህ ኢብሬ አልተቆጡትም። እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ። «ይህን ካወቅህ ምን ትቀመጣለህ? ተነስ፣ ሂድ። የሚከስህ ከመጣ ኢብሬ ነው ያዘዘኝ በል።»

ከወፈረ ወዲህ ሮጦ የማያውቀው ደርበው ሮጠ። ሱቁን ከፍቶ ፓኬቶቹንና የታሸገውን ውሃ በፌስታል ሞላና ደረቁን ወንዝ ተሻገረ። የሚያውቁት ሁሉ «ደርበው ምን ነካው?» እያሉ ቆመው አዩት። በየመጠለያው ደጃፍ «የሩቅያ ቤት የቱ ነው?» እያለ ጠየቀ። ልቡ ደግሞ ሌላ ነገር እየጠየቀ ያስጨንቀው ነበር፤ ብዘገይስ?

ሩቅያ መጠለያዋ ውስጥ ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች። ከዱቄቱ ቀጠን ያለ አጥሚት ሠርታ ብትሰጠው መልሶታል። ውሃም እንዳታጠጣው የጎረቤት ሴቶች «ውሃ ተቅማጡን ያባብሰዋል» ብለው አስፈራርተዋታል። ልጁ ያጣጥራል፤ ዓይኑን ከፈት አድርጎ መልሶ ይከድነዋል። ደርበውን ስታይ ደንግጣ ልትነሳ ሞከረች።

«ተቀመጪ እህቴ፣ ተቀመጪ። ንጹህ ዕቃ ብቻ አቀብይኝ።»

እጃቸውን ታጠቡ። ደርበው ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን ጮክ ብሎ እያነበበ አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ውሃ በጠበጠ። ሩቅያ በማንኪያ ታጠጣው ጀመር። የመጀመሪያውን ልጁ መለሰው። ሩቅያ ተስፋ ቆርጣ ማንኪያውን ልታስቀምጥ ስትል ደርበው «ቆይ፣ ትንሽ እንጠብቅና ቀስ እያልን እንስጠው» አላት። ጠበቁ። ጠብ ጠብ እያደረገች እንደገና ሰጠችው። ይኼኛው ሆዱ ውስጥ ረጋ። እንዲህ እያሉ ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ቆዩ። በዚያ ሁሉ ሰዓት ደርበው ሱቁን አንድ ጊዜም አላሰበውም።

ከዚያ ልጁ አለቀሰ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የሰውነቱ ውሃ ተሟጦ ያለቀ ልጅ ግን ከአንጀቱም እያለቀሰ እንባው ይነጥፍበታል። የሩቅያ ልጅ ቀኑን ሙሉ ያለቀሰው እንዲያ ነበር። አሁን ግን በጉንጩ ላይ አንድ ዘለላ ወረደ፤ ሌላም ተከተለው።

«እንባ!» አለች ሩቅያ። «ጋሼ፣ ይዩት! እንባ አወጣ!» እየሳቀች ታለቅስ ጀመር። ደርበው ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ የራሱን ጠረገ።

ትንሽ እንደቆየች ሩቅያ የዱቄቱን ከረጢት ወደ እሱ ገፋ አደረገች። «ይህን ይመልሱት። ለውሃው ይሁን። እኔ ምጽዋት አልለመንኩም።»

«አልለመንሽም፤ የዛሬው የኔ ካሳ ነው» አላት። «ከነገ ጀምሮ ግን በኩፖንሽ፣ በመብትሽ ትወስጂዋለሽ። ዱቄቱን አስቀምጪው። ነገ ልጁ ይርበዋል።»

ሩቅያም ከረጢቱን ወደ ራሷ መለሰችና አቀፈችው። በማግስቱ የጤና ኬላዋ ባለሙያ መጥታ ልጁን አየችው፤ በርቱ፣ እንዲሁ ቀጥሉ አለቻቸው። ሽማግሌዎቹም በዚያው ሳምንት ተሰብስበው ኦ አር ኤሱን በኩፖን ከሚሰጠው ምግብ ጋር ደመሩት።

ወዳጆቼ፣ ደርበው ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተነገረ። ክፉን ሰው ሁላችንም እንለየዋለን። የሚያስፈራው ደግ ሰው እያዘነ ሲከለክል ነው። ሕግ የተራበውን ከሌባ እንዲጠብቅ የቆመ ዘበኛ ነው፤ ዘበኛው ባለቤቱን ከቤቱ በር የመለሰ ቀን ግን ወጥቶ ነገሩን የሚያስረዳው ሰው ያስፈልጋል። በየቢሮው፣ በየሱቁ፣ በየደጃፉ በር ላይ የቆምን ሁላችን ያ ሰው መሆን እንችላለን።

ደርበው ሮጦ ደረሰ። እናንተስ ዛሬ «አይፈቀድም» ብላችሁ የመለሳችሁት ሰው አሁን የት ደርሶ ይሆን? ብትሮጡ ትደርሱበት ይሆን?