እንዝራውና ፔዳሉ

አንድ ቤዝ ጊታር የሚጫወት ሰው ነበረ። ምሕረቱ፣ ጥያቄህን እመልስልሃለሁ፣ መጀመሪያ የእሱን ነገር ስማ። እግሩ ሥር ድምፅ የሚለውጡ ፔዳሎች ደርድሮ፣ አንዱን ረግጦ ድምፁን ያወፍራል፣ ሌላውን ረግጦ ያሻክረዋል። እሱ በተጫወተበት ሠርግ ቁጭ ብሎ የሚበላ ሰው አይገኝም ነበር። ጎበዝ ነበር፣ በጣም ጎበዝ።

አባቱ ደግሞ የታወቁ በገና ደርዳሪ ናቸው። «ሳጥን ተረግጦ የሚወጣ ድምፅ የማሽኑ ነው እንጂ የልጄ አይደለም» ብለው አንድም ቀን ሊሰሙት አልሄዱም። ይህ ነገር ልጁን አንገበገበው። አገር እያጨበጨበለት፣ እሱ የሚጓጓው ከአባቱ አንዲት «ጎሽ» ለመስማት ነበር።

ከዚያ አባትየው ታመሙ። የሚደረድሩበት ግራ እጃቸው ሰነፈ፤ በገናው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ቤቱ ጭር አለ። ልጁም አንድ ቅዳሜ ጊታሩን፣ ማጉያውንና ፔዳሎቹን ተሸክሞ መጣና አባቱ በጾም የሚደረድሩትን ዜማ በቤዙ ጀመረ። ደስ ላሰኛቸው ብሎ ያለ የሌለ ፔዳሉን ረገጠ። ቤቱ ወፍጮ ቤት መሰለ።

«ኧረ እንዝራው በዛ!» አሉ አባትየው ከአልጋቸው። እንዝራ በበገናው አውታርና አውታሩ በሚያርፍበት ብርኩማ መካከል የሚገባ ቁራጭ ቆዳ ነው፤ አውታሩን የሚያስነዝረው እሱ ነው።

«የቱን ልቀንስ፣ አባዬ?»

«ወዲህ አምጣው፤ አንተማ አትችልበትም!»

በደህና እጃቸው የፔዳሉን ማዞሪያ ያዙ። ልጁ ይመታል፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ያዞራሉ፣ ደግሞ ይመልሳሉ፤ ልክ ቆዳውን በጣታቸው ገፋ ሳብ ያደርጉት እንደነበረው። ድምፁ እየረጋ፣ እየነዘረ መጣ። ድንገት እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ፣ እንዳትነካው። አሁን ድገመው» አሉ። ልጁ እያለቀሰ ደገመው።

አንተ ምሕረቱ፣ «መምህር፣ በፔዳል የመጣ ድምፅ የእኔ ነው ወይስ የማሽኑ?» አልኸኝ። በል እስቲ ንገረኝ፣ ቆዳው በገና ደረደረ ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ? ፔዳልህም እንደዚያ ቆዳ ነው፤ የት ላይ እንደሚበቃው አያውቅም። በቃ የሚለው የአንተ ጆሮ ነው። ጆሮህ በቃ ያለበት ድምፅ የአንተ ነው፤ ሳትሰማ ከረገጥኸው ግን፣ ልጄ፣ የማንም አይደለም።