ያልተቆረሰው የይርዳው ዳቦ

በአንድ ወቅት፣ ቼሪ የሚባለው ቀይ ፍሬ በሚበቅልበት በአሜሪካ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ይርዳው የሚባል ሰው ነበር። አንድ ባለ ሦስት ፎቅ አሮጌ ሕንፃ ይጠብቃል፤ በረዶውን ይጠርጋል፣ ቧንቧውን ይጠግናል፣ የተቃጠለ አምፖል ይቀይራል። ሚስቱ ትርንጎ የመጀመሪያ ልጃቸውን ፀንሳለች። ይርዳው ደግ ሰው ነው፤ አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፦ አፉ አያርፍም። ሰላም ያለውን ሰው ሁሉ የትውልድ አገሩን የዝናብ ጠባይ ሳያስረዳ አይለቅም።

በበረዶው ወራት አንድ ጠዋት፣ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት አዛውንት ሚስተር ሃርላን ኮሪደሩ መሐል ቆመው ጮኹበት። የደረጃው አምፖል ከተቃጠለ ሰንብቷል፤ ይርዳው ዛሬ ነገ ሲል ከርሟል። የእሱም አፍ አላረፈም፤ መለሰላቸው። ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። የዚያኑ ዕለት ቀኑ ሲመሽ ከደረጃው በኩል ከባድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። ይርዳው ሮጦ ሲደርስ አዛውንቱ ከደረጃው ግርጌ ተዘርግተዋል፤ ራሳቸው ተፈንክቷል። ራሳቸውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በሸሚዙ ደሙን እየገታ፣ የሰው ያለህ እያለ ጮኸ። ጎረቤቶች በራቸውን ሲከፍቱ ያዩት ይህንኑ ነው፦ ጠዋት የተጣላው ሰው አሁን እጁ በደም ተነክሯል።

እዚህ ላይ የእኛን የአበሾችን ጠባይ አስታውሱ። እኛ ዘንድ ሰው ሲጎዳ አጠገቡ ያለው ጥፋቱን በራሱ ላይ ይጭናል። «እኔ ነኝ የገደልኩህ! ምነው ቀድሜ በደረስኩ!» እያለ ደረቱን ይደቃል፤ ይህን የሰማ ሰው ያጽናናዋል እንጂ ያዙት አይልም። ደግሞም የተከሰሰ ሰው ዝም ካለ ጥፋቱን አመነ ይባላል፤ ንጹሕ ከሆነ ይማል፣ ይገዘት፣ ይከራከር እንጂ! ይርዳው እነዚህን ሁለት ጠባዮች ይዞ ነው ውቅያኖስ የተሻገረው።

መጀመሪያ የደረሰችው ፖሊስ ዳርላ ትባላለች፤ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት። ይርዳው ገና ሲያያት «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ እኚህን ሰውዬ…» ብሎ ጀመረ።

«ዝም በል!» አለችው።

እጁን በካቴና አሰረችው። ከዚያም የዚያ አገር ፖሊስ ለያዘው ሰው የሚናገረውን ነገረችው፦ ዝም የማለት መብት አለህ፤ የምትናገረው ቃል በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብብህ ይችላል፤ ጠበቃ የማግኘት መብት አለህ፤ አቅም ከሌለህ መንግሥት ያቆምልሃል። ይርዳው ግራ ገባው። ዝም ማለት ደግሞ ምን መብት ይሆናል? እሱ በሚያውቀው ዝም በል የሚባለው መብት የሌለው ሰው ነው።

ጣቢያ ሲደርሱ የዳርላ አለቃ ወንበር ሳበለት፣ ውሃ አቀረበለት። ሰው ማጫወት የሚያውቅበት ሰው ነው። «ንገረኝና ይቅለልህ» አለው። ይርዳው ጉሮሮውን ጠረገ። ከአምፖሉ ሊጀምር ነው፤ ከጠዋቱ ጠብ፣ «እኔ ነኝ የገደልኳቸው» እስከሚለው ድረስ በሰፊው ሊሄድበት ነው። ዳርላ ግን ከበሩ ላይ ንቅንቅ አላለችም።

«ጠበቃ ትፈልጋለህ?» አለችው። ይርዳው ዞሮ አያት። «ከፈለግህ አሁን አዎ በል።»

«አዎ» አለ፣ እሷን ላለማስቀየም ያህል።

በዚያ አገር ሕግ ጠበቃ እፈልጋለሁ ያለ ሰው ጠበቃው እስኪመጣ ድረስ አይጠየቅም። አለቃዋ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ዳርላን ትክ ብሎ አያት። ለሷ ይሰጣል ሲባል የነበረው የሳጅንነት ማዕረግ ያን ዓመት ለሌላ ሰው ተሰጠ። ይርዳው ይህን የሰማው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ ኦወን ይባላል። ወጣት ነው፤ ኮቱ ሰፍቶታል። የሚከራከርላቸው ሰዎች ከመብዛታቸው የተነሣ በመጀመሪያው ቀን ይርዳውን በሌላ እስረኛ ስም ጠራው። ይዞት የመጣው ወሬም ደስ አይልም፤ አዛውንቱ በሕይወት ቢተርፉም ስለዚያ ምሽት የሚያስታውሱት ነገር የለም።

«ዐቃቤ ሕጉ የሚለው ይህ ነው» አለው። «ገፍትሬያቸዋለሁ ብለህ ካመንክ በዓመት ውስጥ ቤትህ ትገባለህ። ተከራክረህ ከተረታህ ግን አሥራ አምስት ዓመት ነው። እኔ ብሆን አምን ነበር።»

ይርዳው ራሱን ያዘ። አሥራ አምስት ዓመት! በትርንጎ ማሕፀን ያለው ልጅ በዚያ ጊዜ ከአባቱ ቁመት ይስተካከላል። ቢሆንም እንዲህ አለ፦ «ወንድሜ፣ እኛ ዘንድ ልጅ በአባቱ ስም ነው የሚጠራው። ወንድ ሆነ ሴት፣ እገሌ ይርዳው ነው የሚባለው። ያላደረግሁትን አደረግሁ ካልኩ፣ ልጄ ገና ሳይወለድ ግማሽ ስሙን አቆሸሽኩበት ማለት ነው። አላምንም።»

ኦወን ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ። በማግስቱ ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ወደዚያ ሕንፃ ሄደ። አምፖሉ አሁንም አልተቀየረም፤ ቀያሪው ታስሮ ማን ይቀይረዋል? ኦወን ደረጃውን በዳበሳ ወጣ። ሲወርድ ጫማው አንድ ነገር ያዘው። ተንከባለለ፤ ግርጌው ላይ ሲያርፍ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሯል። ሕመሙ እንባ በእንባ እያደረገው በእንፉቅቅ ተመልሶ ወጣና ዳሰሰ። ከአንደኛው ደረጃ የብረቱ ጠርዝ ተነቅሎ ብድግ ብሏል። ጎረቤቶች ሲደርሱ ኦወን ያለቅሳልም፣ ይስቃልም። ሐኪሙ ተኝተህ ክረም ቢለውም አልሰማም፤ ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር በክራንች እያነከሰ ከይርዳው ጎን ቆመ። ያን የብረት ጠርዝም በሕጉ ደንብ ለፍርድ ቤቱ አስቀረበ።

የክርክሩ ቀን የደረሰው የትርንጎ ሆድ ገፍቶ፣ ቼሪውም ሲቀላ ነው። በዚያ አገር እንዲህ ባለ ክርክር ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚቆርጠው ዳኛው አይደለም፤ ከአገሬው በዕጣ የተጠሩ አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው። ጁሪ ይሏቸዋል፤ መምህርም፣ ፀጉር ሠሪም፣ ገበሬም ይገኝባቸዋል። ዳኛው ሕጉን ነገራቸው፦ ተከሳሹ ንጹሕ ነው ብላችሁ ጀምሩ፤ ልባችሁ በምክንያት ከተጠራጠረ አትፍረዱበት፤ ቃላችሁም የአሥራ ሁለታችሁም አንድ ቃል ይሁን። ከዚያ አንድ ክፍል ገብተው በር ተዘጋባቸው። ይርዳው ወደ እስር ቤቱ ተመልሶ ይጠብቅ ጀመር። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» እያለ ራሱን ያጽናናል፤ ግን የምትሄደው በቅሎ ሳትሆን ዕድሜው ናት፤ ተረቱ አላጽናናውም።

ክፍሉ ውስጥ አሥራ አንዱ «ጥፋተኛ ነው» አሉ። ክላይድ የሚባሉ ሽማግሌ የቼሪ ገበሬ ብቻ «እርግጠኛ አይደለሁም» አሉ። ውጪ ሰማዩ ደመና ቋጥሯል። የበሰለ ቼሪ ዝናብ ከመታው ይሰነጠቃል፤ የዓመት ልፋት በአንድ ዝናብ ይበላሻል። ሽማግሌው አንድ ዓይናቸውን መስኮቱ ላይ፣ አንድ ዓይናቸውን በማስረጃነት የቀረበው የደረጃ ብረት ላይ አድርገው ተቀመጡ። «ጠዋት የተጣላ ሁሉ ማታ ይገፈትራል እንዴ? ጠበቃውን የጣለ ደረጃ እኚያን ሰውዬ አይጥልም?» ይላሉ። ሌሎቹ ተቆጡ። ነጋ፣ መሸ፣ እንደገና ነጋ።

«እሺ ይበሉና ሄደው ፍሬዎን ይልቀሙ!» አላቸው አንዱ።

«ፍሬው የኔ ነው፤ ላጠፋው እችላለሁ» አሉ ክላይድ። «የሰውዬው ዕድሜ ግን የኔ አይደለም።»

ዝናቡ መጣ። ጣሪያውን ሲደበድበው ሁሉም ሰሙት። ክላይድ ብረቱን አነሡና ከጎናቸው ላለችው ሴት አቀበሏት። እሷም አገላብጣ አየችውና ለሚቀጥለው ሰጠች። ከዚያ ወዲያ አንድ በአንድ ልባቸው እየተመለሰ፣ በመጨረሻ አሥራ ሁለቱ ወጥተው በአንድ ቃል «ጥፋተኛ አይደለም» አሉ። ይርዳው እዚያው ችሎቱ ፊት ተንበርክኮ መሬቱን ሳመ፤ ዳኛው የታመመ መስሎት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ትርንጎ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ። ይርዳው ልጁን በገዛ እጁ ታቀፈ፤ በእነዚያ ካቴና በገባባቸው እጆች። የሚያመሰግነው ሰው ብዛቱ! እግዜርን አመሰገነ፣ ዳኛውን አመሰገነ፣ ውሃ ያቀረበለትን አለቃ እንኳ አመሰገነ። ሚስተር ሃርላንም ድነዋል፤ ያ ምሽት ብቻ ከአእምሯቸው ጠፍቷል፤ እንዴት እንደወደቁ ዛሬም አያውቁም።

የክርስትናዋ ዕለት ቤቱ በሰው ሞላ። ሚስተር ሃርላን በከዘራ እያዘገሙ መጡ። ዳርላ የፖሊስ ልብሷን ትታ በአበባማ ቀሚስ መጣች፤ ይርዳው መጀመሪያ አላወቃትም። ኦወን እያነከሰ መጣ። ክላይድ ከዝናብ ከተረፈው ቼሪ የተሠራ ማርማላታ ይዘው መጡ። ዳርላ፣ ኦወንና ክላይድ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ድፎው ዳቦ ከፊታቸው ቀረበ፤ ቢላዋውም በላዩ ተጋደመ።

ያን ጊዜ ትርንጎ ተነሣች። «ቄሱ የክርስትና ስሟን አውጥተውላታል፤ የምትጠራበት ስም ግን ገና ነው» አለች። «ሁለተኛው ስሟ ይርዳው ነው፤ እሱም ሊቆሽሽ ሲል የተረፈ ስም ነው። ያተረፈላት ሰው ዳቦውን ይቁረስና የመጀመሪያውን ስሟን ያውጣላት።»

ይህን ጊዜ ቤቱ እንደ ገበያ ሆነ።

«ዳርላ ናት!» አሉ ሴቶቹ። «ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ያን ዕለት ተናግሮ ቢሆን የትኛው ጠበቃ፣ የትኛው ጁሪ ይመልስለት ነበር?»

ዳርላ ራሷን ነቀነቀች። «ካቴናውንም ያጠለቅኩለት እኔ ነኝ። ደግሞ ሥራዬ ነው፤ ለሌባም ይህንኑ እላለሁ።»

«እንግዲያው ጠበቃው ነው» አሉ ሚስተር ሃርላን በከዘራቸው ወለሉን እየመቱ። «ለኔ ሲል ማንም እግሩን አልሰበረልኝም!»

ኦወን ፊቱ ቀላ። «እኔ እኮ እመን ብዬው ነበር። እምቢ ያለው እሱ ነው። እኔን ሰምቶ ቢሆን ይህ ስም ቆሽሾ ነበር።»

«ምን ያከራክራል?» አሉ ሌሎች። «ሁለቱስ ለሥራቸው ደሞዝ አላቸው። የማያውቁትን ሰው ብለው ፍሬያቸውን ለዝናብ የሰጡት እኚህ ሽማግሌ ናቸው!»

ይርዳው ቢላዋውን አነሣና ወደ ክላይድ ጠጋ አለ። እንዲሁ ሊሰጣቸው ነበር፤ አፉ ግን መች ያርፋል? «አባት» አላቸው፣ «ንጹሕ መሆኔን አምነው ነው የቆሙልኝ፣ አይደለም?»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። «አይ ልጄ፣ አላመንኩም» አሉ። «አድርገኸው ይሆናል፣ ላታደርገውም ትችላለህ፤ ዛሬም አላውቅም። ያቃተኝ የማላውቀውን አውቃለሁ ማለት ነው።»

ይርዳው ቢላዋውን እንደያዘ ቆመ። በዚያች ቅጽበት ልቡ ቀዘቀዘ፤ መልሶ ደግሞ ሞቀ፤ እንባው መጣ። አንዷ ያሰረችው ናት፤ አፉን ግን ዘግታ አዳነችው። አንዱ እመን ያለው ነው፤ አጥንቱን ግን ሰበረለት። አንደኛው ጭራሽ ያላመኑት ናቸው፤ ግን የዓመት ልፋታቸውን ገበሩለት። ሦስቱንም እኩል ይወዳቸዋል፤ አንዳቸው ቢጎድሉ ዛሬ ይህን ቤት እንደማያይ ያውቃል። ላደረገልህ አድርግለት ይባላል፤ ዳቦው ግን አንድ ነው፣ የልጅቷም ስም አንድ ነው። አፉ የማያርፈው ይርዳው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገረው አጣ። ሕፃኗ በእናቷ እቅፍ ሆና ታያለች፤ ግማሽ ስሟ ንጹሕ ሆኖ ተቀምጧል፣ ግማሹ ገና ባዶ ነው።

እኔም ተረቴን እዚህ አድርሼ ቆምኩ። አፌን በዳቦ አብሱልኝ እንዳልላችሁ ዳቦው አልተቆረሰም። በሉ እንግዲህ፣ እናንተ በይርዳው ቦታ ብትቆሙ ቢላዋውን ለማን ትሰጡ ነበር?