«ባዶ ነው» የተባለው ጫካ

አንድ መንደር ትርንጎ የምትባልን ሴት በደለ። ጥፋቷ፣ ተጠይቃ ያለውን «አለ» ማለቷ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመንደሩ በላይ ትልቅ ጫካ ነበር። የአገሩ ንጉሥ አዳራሽ ሊያሠራ እንጨት ፈለገና «ሰው የሚጠቀምበትን አልነካም፤ ማንም የማይፈልገውን ለይታችሁ ቁረጡ» ብሎ አንድ ካርታ ሠሪ ላከ። ካርታ ሠሪው ሕዝቡን አውድማ ላይ ሰበሰበ። ወንዙንና ሸንተረሩን በአመድ መሬት ላይ ሣለና «ጫካውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ምንጭ፣ የንብ ዛፍ፣ መድኃኒት ያለበት ቦታ ላይ ድንጋይ አስቀምጡ። ድንጋይ ያረፈበት በእጃችሁ ይቆያል፤ ትጠብቁታላችሁ። ባዶ የቀረው ለመጥረቢያ ነው» አለ።

ከዚህ በላይ ግልጽ ንግግር ከየት ይመጣል? የዚያ መንደር ሰው ግን ከቤተ መንግሥት ለመጣ ጠያቂ እውነት ተናግሮ አያውቅም። አሥር ላም ያለው ሁለት ይላል፤ ሁለት ያለው ያለቅሳል። ጭቃ ሹሙ አባ ይመኑም ገና ከጠዋቱ «የጠቆማችሁት ይወሰዳል» ብለው መክረው ነበር።

«ምንጭ የላችሁም?» አለ ካርታ ሠሪው።

«የለንም ጌታዬ። የዝናብ ውሃ ነው የምንጠጣው» አሉ አባ ይመኑ።

«ማርስ የላችሁም?»

«ንቡ ራሱ አገር ጥሎ ሄዷል።»

ትርንጎ ተነሣች። ጭቃ ሹሙ የቀሚሷን ጫፍ ቢይዟትም መንጭቃቸው ሄደችና ከወንዙ ራስጌ አንድ ድንጋይ አስቀመጠች። «እዚህ ምንጭ አለ። ዙሪያውን ያሉት ዛፎች ከተቆረጡ ይደርቃል» አለች። ካርታ ሠሪው ሥዕሉን ከነአንድ ድንጋዩ ብራና ላይ ገልብጦ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደሩ «አፈ ልቅ» አላት። ስሙስ ባልከፋ፤ ደቦ ከለከሏት። ጎረቤቶቿ እየዘፈኑ የአንዱን ሰብል ባንድ ቀን ሲያነሡ፣ እሷ ጤፏን ብቻዋን ስታጭድ ግማሹ ማሳ ላይ ረገፈባት።

በበጋው እንጨት ቆራጮች መጡ። የመጀመሪያው ዛፍ ሲወድቅ አባ ይመኑ እያለከለኩ ደረሱ።

«ተዉ፣ የንቤ ዛፍ ነው።»

የቆራጮቹ አለቃ ብራናውን ዘርግቶ አየና «እዚህ ባዶ ነው የሚለው፣ አባቴ» አላቸው።

«ባዶ ያልነው እኮ ለንጉሡ ነው እንጂ ለእናንተ አይደለም።»

ሰውዬው ሳቀና መጥረቢያውን አነሣ። የምሥራቁ ተዳፋት ተመለጠ፤ እያንዳንዱ ደብቆ የያዛቸው ትንንሽ ምንጮችም አብረው ደረቁ። መጥረቢያው የቆመው የትርንጎ ድንጋይ ያረፈበት ሲደርስ ነው። ከዚያ ወዲያ መንደሩ በሙሉ እንስራ ይዞ የሚሰለፈው «አፈ ልቋ» ካሳየችው ምንጭ ሆነ።

ደግነቱ የምዕራቡ ወገን ገና አልተነካም። የቀጣዩ ዓመት አዝመራ ሲደርስ ሰዎቹ ራሳቸው ለምነው ካርታ ሠሪውን አስመጡት። በዚህኛው ቀን አውድማው ላይ ድንጋይ አልበቃ ብሎ በጠጠር ተሻሙ። ሁለት ወንድማማቾች አንዲት የንብ ዛፍ ላይ ድንጋያቸው ተጋጨ፤ ለካ ዕድሜ ልካቸውን አንዱ ካንዱ ሲደብቃት የኖረች ዛፍ ናት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እነሱም ሳቁ። ማን የቱን እንደሚጠብቅ እዚያው ተከፋፈሉ። ያ ወገን ዛሬም ጫካ ነው።

የደበቅነውን ያዳንነው ይመስለናል። ማንም የማያውቀው ምንጭ ሊጠፋ ሲል ግን «ተዉ» የሚልለት የለም፤ አብረን ያሳየነውን ነው አብረን የምንጠብቀው። እስቲ እናንተስ፣ በሰፈራችሁ ካርታ ላይ ድንጋይ የነፈጋችሁት ምን አለ?

ትርንጎን አልረሳኋትም። በጠጠር በተሻሙበት ዕለት ከአውድማው ስትመለስ አባ ይመኑ መንደርተኛውን አስከትለው መንገድ ላይ ጠበቋት። «ልጄ፣ በድለንሻል፤ ይቅር በይን» አሏት። ከጀርባቸው ጤፏ ለአጨዳ ደርሶ ይታያል። እሱን አየች፣ እሳቸውን አየች፤ ከዚያ እንዲህ አለች፦

«ይቅርታችሁ ጤፍ አያጭድልኝም፣ አባ ይመኑ። ነገ ማጭድ ይዛችሁ ኑ፤ ውሃውን እኔ እቀዳለሁ።»