የወልደየስ የላስቲክ ቤት

በአንድ ወቅት በዝዋይ ሐይቅ ዳር አቶ ወልደየስ የሚባሉ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሽማግሌ ነበሩ። ሀብታቸው ቲማቲም የሞላው አንድ የላስቲክ ቤት ነው። ድሮ በባልዲ ሲያጠጡ ጎረቤቱ በወንፈል ይመጣ ነበር፤ ሳቁና ተረቡ ከበር እስከ ዳር ይሰማ ነበር። በየተክሉ ሥር የሚያንጠባጥብ የጠብታ ቱቦ ከተዘረጋ ወዲህ ግን ውሃው በራሱ ይሄዳልና ሰው ቀረ። ብቅ የምትለው ከአጥሩ ማዶ እንደ እሳቸው ብቻዋን የምትኖረው ዙፋን ብቻ ሆነች።

ቱቦውም አድልዎ ጀመረ። በሩ አጠገብ ያለው ተክል ሥሩ በውሃ ብዛት ይበሰብሳል፤ በሌላው ጫፍ፣ ዳር ያለው ይጠወልጋል። ወልደየስ ለሁለቱ ልጆቻቸው ደወሉ። «የመጀመሪያውና የመጨረሻው ተክል እኩል እንዲጠጣ ላደረገልኝ፣ ማንም ይሁን ማን፣ የላስቲክ ቤቱ የእሱ ነው» አሉ።

ዙፋን አጠገባቸው ቆማ ነበር። «ጋሼ፣ እኔንም ይጨምራል?»

«አንቺ ስለ ቱቦ ምን ታውቂያለሽ?»

«እርስዎስ ምን ያውቃሉ? ተክሉ ሊሞት ሲል ስብሰባ ይጠራሉ!»

ልጆቹ ዛሬ ነገ ሲሉ ዙፋን ጀሪካኗን አንሥታ የዳሩን ተክል ጠዋት ማታ አጠጣች። በዚህ መሀል የራሷ ሽንኩርት ደረቀ።

ከዚያ ልጃቸው አመለወርቅ ጡት ያልተወ ሕፃኗን ለአማቷ ትታ ከሞጆ መጣች። የቱቦውን ቀዳዳዎች ከጉድጓድ የሚሳበው ውሃ ጨው ደፍኗቸዋል። አቼቶ በውሃ በጥብጣ ሞላችበት፣ አሳድራም አጠበችው። ዳሩ መንጠባጠብ ጀመረ፤ በሩ አካባቢ ግን ጭቃው አልቀነሰም።

ቀጥሎ ወንድሟ ኬርጋ ግንበኝነቱን ጥሎ መጣ፤ እሱ ሲመጣ ቦታው ለሌላ ተሰጠ። ውሃው ከበር ተነሥቶ ዳር እስኪደርስ ጉልበቱ እንደሚያልቅ አየ። ዋናውን ቱቦ ነቅሎ በቤቱ ወገብ አስገባው፤ ውሃውም ከመሀል ወደ ሁለቱም ጫፍ ተከፈለ።

ወልደየስ በሁለቱም ጫፍ ጣታቸውን አፈር ውስጥ ሰደዱ። እርጥበቱ አንድ ነው።

«እኩል ያደረግኩት እኔ ነኝ» አለ ኬርጋ።

«የተደፈነ ቱቦ ብታዞር ምን ሊፈይድ ወንድምዬ?» አለች አመለወርቅ።

ዙፋን ሳቀች። «እኔ ተክሉን ባላቆየው ኖሮ እርጥብ አፈር ብቻ ትካፈሉ ነበር።»

ወልደየስ የጣታቸውን አፈር እያራገፉ አሰቡ። ልጆቹ ሊሄዱ ነው፤ ዙፋንም ከእንግዲህ ውሃ ይዛ የምትመጣበት ምክንያት የላትም። ለጎረቤት ቢሰጡ ልጆቹ ዳግም ደጃቸውን አይረግጡም። ለልጅ ቢሰጡ ከአጥሩ ማዶ የሚጠራቸው ድምፅ ይጠፋል፤ የተነፈገው ልጅም ይቀየማል። «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይባላል፤ ወልደየስ ግን የተናገሩትም የወለዱትም እንዳይጠፋባቸው ፈሩ።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። የሠሩትን ስትመዝኑ የከሰሩትንም መዝኑ፤ አንዷ ሽንኩርቷን፣ አንዷ ጡት የሚጠባ ልጇን፣ አንዱ እንጀራውን ትቷል። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ዛሬ የሚለቀም ቲማቲም የለም፤ ቤቱ ግን አንድ ነው። በሽማግሌው ቃል መሠረት ለማን ይገባል?