የአየልኝ ብርጭቆና የእድሩ ካስማ

ተረት ተረት፤ የውሃ ጥማት።

በወይራምባ ከተማ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ስሙ አየልኝ ነው፤ ባሌ ነው። ልብሳቸውን ሊወስዱ የመጡ ልጆች በስፌት መኪናው ዙሪያ ሲቆሙ፣ እግሩ መኪናውን እየመታ አፉ ተረት ያወራ ነበር። ከሁሉ የሚወደው እየተቀጣጠለ የሚሄደውን ተረት ነው፤ ገመዱ በሬውን አላስርም ያለበትን፣ አይጧ ገመዱን አልቆርጥም ያለችበትን። አንዱ ልጅ መሀሉን ዘሎ ከተናገረ፣ "ተበጠሰ! ከመጀመሪያው!" ይለዋል። ይህኛውን ግን እሱ አልጨረሰውም። እንዳይበጠስ ብዬ እኔ እጽፈዋለሁ።

አየልኝ ታመመ። ሐኪሙ፣ "የአንጀት ተስቦ ነው፤ የሚጠጣው ውሃ ሁሉ ይፍላ" አለን። አፈላሁ። ሲፈላ ከላዩ አረፋ ይይዛል፤ ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ቀይ አተላ ይቀራል። ከላይ ከላዩን ቀድቼ ሰጠሁት። አንድ ጊዜ ተጎነጨና ብርጭቆውን መለሰልኝ።

"ታንጉ፣ ይሄን አልፈልግም።"

"ምን ሆነ ደግሞ?"

"የፈላ ውሃ ነፍሱ የወጣ ውሃ ነው። ሬሳ እኮ ነው የምታጠጪኝ።"

የታሸገ ውሃ ገዛሁለት። "ይሄ የሰው አገር ውሃ ነው" አለ። "እኔ የምለው የደጃችንን ነው። ከቧንቧ የወረደ፣ ቀዝቃዛ፣ ጥሩ ውሃ። አንድ ብርጭቆ ብቻ።"

ተኝቶ ሳለ ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ምግብ አላማረውም፤ ሰው አላማረውም። ያማረው ይኸው ነው።

ብርጭቆውን ይዤ ወደ ደጃችን ቧንቧ ወጣሁ። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ያን ጠዋት የኛ ሰፈር ተራ ነበር።

"ቧንቧ፣ ቧንቧ፣ ለአየልኝ ጥሩ ውሃ ስጠው" አልሁት።

ቧንቧው መጀመሪያ ነፋስ ተፋ። ቀጥሎ አሳለ። ቀጥሎ ቀይ ውሃ ለቀቀ፤ ሽታው የቦይ ሽታ ነው። "አልሰጥም" አለ። "የሚመጣልኝን ነው የምሰጠው። ቱቦውን ጠይቂ።"

ባዶ ብርጭቆ ይዤ ገባሁና እንደዚያው ነገርሁት። የአየልኝ ፊት ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በራ። "ይሄማ ተረት ነው! በወጉ ንገሪኛ።"

በወጉ ነገርሁት። ቧንቧው ጥሩ ውሃ አይሰጥም፤ ብርጭቆው አይሞላም።

"አየልኝም ውሃ አይጠጣም" ብሎ እሱ ዘጋው። "በይ ሂጂ፣ ቱቦውን ጠይቂልኝ።"

ቱቦውን ተከትዬ በመንገዱ ዳር ወረድሁ። ከቆሻሻው ቦይ አጠገብ ዝናብ አፈሩን ጠርጎት የቱቦው ጀርባ ይታያል።

"ቱቦ፣ ቱቦ፣ ለቧንቧው ጥሩ ውሃ አምጣለት።"

"አላመጣም" አለ ቱቦው። "ጎኔን ተወግቻለሁ። ውሃ ሲኖረኝ በቁስሌ ይንጠባጠባል፤ ፈረቃው አልፎ ባዶ ስሆን ደግሞ ቦዩን በቁስሌ እጠጣለሁ። የወጋኝን ካስማ ጠይቂ።"

ተመልሼ ነገርሁት። ቱቦው ጥሩ ውሃ አያመጣም፤ ቧንቧው ጥሩ ውሃ አይሰጥም፤ ብርጭቆው አይሞላም።

"አየልኝም ውሃ አይጠጣም" አለ። "ካስማውንማ አውቀዋለሁ።"

ካስማውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ያለፈው ክረምት እማማ አቻሜለሽ ሲሞቱ የእድራችን ድንኳን እዚያ ቦይ ዳር ተተከለ። የብረት ካስማውን ሲመቱት ቱቦው ላይ አረፈ፤ ውሃው ፊን ብሎ ወጣ። ለቅሶ ላይ ውሃ ሲፈናጠር ያሳፍራል። መዶሻውን ደገሙለት፤ ካስማው ጠልቆ ገባ፤ ውሃው ቆመ። ድንኳኑ ሲነሣ፣ "ብንነቅለው ይፈነዳል" ብለው ገመዱን ፈትተው ካስማውን እዚያው ተዉት። ሁሉም አየ። ሁሉም "ይዟል" አለ። እኔም ብያለሁ። ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ሆዱን ያላመመው ልጅ የለም።

"ካስማ፣ ካስማ፣ ከቱቦው ውጣ።"

"አልወጣም" አለ ካስማው። "ራሱን የነቀለ ካስማ አይተሽ ታውቂያለሽ? ቧንቧ ሠራተኛውን ጎሹን ጠይቂው።"

ተመልሼ ነገርሁት። ካስማው ከቱቦው አይወጣም፤ ቱቦው ጥሩ ውሃ አያመጣም፤ ቧንቧው ጥሩ ውሃ አይሰጥም፤ ብርጭቆው አይሞላም።

"አየልኝም ውሃ አይጠጣም።" ድምፁ ቀጠን ብሏል።

ጎሹን ብስክሌቱን ገልብጦ ሰንሰለት ሲያስገባ አገኘሁት።

"ጎሹዬ፣ ያን ካስማ ንቀልልኝ። አየልኝ ውሃ አማረው።"

"እትዬ ታንጉት ይሙቱ፣ አሁን ሄጄ በነቀልሁት!" አለ፤ እጁን በሱሪው እየጠረገ። "ግን ውሃው ሳይዘጋ ብነቅለው ሰፈሩ ይጥለቀለቃል። መዝጊያውን ደግሞ ያለ ኃላፊው ትእዛዝ ከነካሁ፣ ከሥራ የምነቀለው እኔ ነኝ። እሳቸውን ያናግሯቸው።"

ተመልሼ ነገርሁት። ጎሹ ካስማውን አይነቅልም፤ ካስማው ከቱቦው አይወጣም፤ ቱቦው ጥሩ ውሃ አያመጣም፤ ቧንቧው ጥሩ ውሃ አይሰጥም፤ ብርጭቆው አይሞላም።

"አየልኝም ውሃ አይጠጣም። ኃላፊው እንኳ የለመነውን ሰው ወንበር አይነፍግም፤ ትንሽ ታርፊያለሽ።"

እውነቱን ነው፤ የውሃው ኃላፊ አቶ ልየው ተነሥተው ወንበር ሰጡኝ። ጠረጴዛቸው ላይ የታሸገ ውሃ ተደርድሯል።

"ይማርልሽ እናቴ" አሉ። "ቱቦው የኛ ነው፤ አልክድም። ካስማው ግን የእድር ንብረት ነው። የእድር ንብረት ነቅዬ ነገ 'ካስማ ወሰደ' ልባል? እድሩ ካስማውን ያንሣ እንጂ እኔ ያኔውኑ ጎሹን አዘዋለሁ።"

"እርስዎም የእድሩ አባል ነዎት እኮ፣ አቶ ልየው።"

"አባል ነኝ፤ ዳኛ አይደለሁም።"

ተመልሼ ነገርሁት። ኃላፊው ጎሹን አያዙም፤ ጎሹ ካስማውን አይነቅልም፤ ካስማው ከቱቦው አይወጣም፤ ቱቦው ጥሩ ውሃ አያመጣም፤ ቧንቧው ጥሩ ውሃ አይሰጥም፤ ብርጭቆው አይሞላም።

አየልኝ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ የተኛ መሰለኝ። ቆይቶ፣ "አየልኝም ውሃ አይጠጣም" አለ።

የእድራችን ዳኛ ጋሼ ቸኮል ናቸው። ስማቸው ነው እንጂ በምንም አይቸኩሉም። ጎመናቸውን ሲኮተኩቱ ደረስሁ። ጨርሰው፣ እጃቸውን አራግፈው፣ አጥሩ ሥር ካስቀመጡኝ በኋላ ነው የሰሙኝ።

"ታንጉት፣ ያ ካስማ ቢነሣ ከኔ በላይ የሚደሰት የለም። ድንኳኑ ካስማ ጎድሎት ነው ተጠቅልሎ የተቀመጠው። ግን እስከዚያ የጠለቀ ብረት ያለ ድጅኖ አይወጣም፤ ድጅኖው ደግሞ እቃ ቤት ነው።"

"እቃ ቤቱ ይከፈታ፣ ጋሼ።"

"ያለ ሞት አይከፈትም።"

"ለትንሽ ጊዜ..."

"ድሮ እያዋስን ድስቱ አለቀ፤ ድጅኖውም የሰው ጉድጓድ ሲቆፍር ከረመ። ያኔ ነው 'ያለ ሞት አይከፈት' ብለን የተማማልነው።"

"እሺ ከሰው ድጅኖ ልዋስና ላምጣ።"

"የእድር ካስማ በእድር ድጅኖ ነው የሚነሣው።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ደግሞስ ያለ ሬሳ የተከፈተ እቃ ቤት ሬሳ ይጠራል ይባላል። ባልሽ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ እኔን ክፈት ትይኛለሽ?"

ነጠላዬን ሰብስቤ ተነሣሁ። ከዚያ በኋላ ልለምናቸው አልቻልሁም።

ስመለስ በእቃ ቤቱ በር አለፍሁ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይመታል። ማንም አለመኖሩን አየሁና፣ "እቃ ቤት፣ እቃ ቤት፣ ለዳኛው ተከፈትላቸው" አልሁት።

"አልከፈትም" አለ እቃ ቤቱ። "ቁልፌ በሞት እጅ ነው። ሞትን ጥሪው።"

ሞትን አልጠራሁትም። ስሙ ሲጠራ ሰምቶ እንዳይሆን አፌን በነጠላዬ ይዤ ወደ ቤቴ ሮጥሁ።

አየልኝ ይጠብቀኝ ነበር። ነገርሁት። እቃ ቤቱ ለዳኛው አይከፈትም፤ ዳኛው ካስማውን አያነሡም፤ ኃላፊው ጎሹን አያዙም፤ ጎሹ ካስማውን አይነቅልም፤ ካስማው ከቱቦው አይወጣም፤ ቱቦው ጥሩ ውሃ አያመጣም፤ ቧንቧው ጥሩ ውሃ አይሰጥም፤ ብርጭቆው አይሞላም።

እሱ ግን አልዘጋውም።

"እቃ ቤቱስ ምን አለሽ?"

"ዝም አለኝ።"

"ታንጉ፣ ተረት ውስጥ ዝም የሚል ነገር የለም። ማንን ጠይቂ አለሽ?"

ትራሱን አስተካከልሁ። ብርድ ልብሱን አስተካከልሁ።

"ድንኳኑን የሰፋሁት እኔ አይደለሁ?" አለ። "እቃ ቤቱ ለማን እንደሚከፈት አጥቼው ነው?" እጄን ያዘኝ፤ እጁ ያቃጥላል። "አንቺ አትጠሪው። እኔ እጠይቅልሻለሁ።"

"ወዴት ሄደህ?"

"እሱ ይመጣል። የሩቅ ሰው አይደለም።" ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ ደርቆ አልላቀቅ አለው። በእርጥብ ጨርቅ አራስሁለት። ያም ውሃ የፈላ ነበር።

ሞት መጣ።

ሞት ሲመጣ እቃ ቤቱ ተከፈተ። ጋሼ ቸኮል መቆለፊያውን ሲያወልቁ የሰማሁት እዚህ ተቀምጬ ነው። ድንኳኑ ወጣ፤ በደጃችን ተዘረጋ። ነፋስ ነበር። የአየልኝ ስፌት ነውና አይቀደድም፤ ግን አንዱ ማዕዘን እንደ ታሰረ ወፍ ይርገፈገፋል፤ ለቀስተኛው ላይ ዝናብ ያስገባል።

"ካስማ አምጡ እንጂ!" አሉ ጋሼ ቸኮል።

"አንድ ይጎድላል፣ ጋሼ።"

"የት ገባ?"

ሁሉም ዞሮ ወደ ቦዩ አየ። የድንኳኑን ሰፊ በጎደለ ድንኳን ማን ይሸኘዋል? ጋሼ ቸኮል ድጅኖውን ራሳቸው ተሸክመው ሄዱ። አቶ ልየው በጥቁር ካፖርታቸው ከኋላ ተከተሏቸው።

"ጋሼ ቸኮል፣ ትንሽ ይቆይ፤ ውሃው ሳይዘጋ..."

"ሬሳ እቤት አስቀምጠን ይቆይ ይለኛል! በሉ ግፉት!"

ካስማው ወጣ። ውሃው ተወርውሮ አቶ ልየውን ደረታቸው ላይ መታቸው።

"ጎሹ! ዝጋው!"

"ትእዛዝ ነው?" አለ ጎሹ። ለቅሶ ላይ እንኳ አይተውም።

"ትእዛዝ ነው፣ ዝጋው አልሁህ!"

ዘጋው። የለቅሶ ልብሱን እንደ ለበሰ ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ የቆሰለውን ቱቦ ቆርጦ አወጣ፤ በምትኩ አዲስ አስገባ። የድንኳኑን ካስማ ሲመቱም፣ "እዚያ አይደለም፣ ወዲህ! ቱቦ አለ!" እያለ ቆመባቸው። ከቀብሩ ስንመለስ ማዕዘኑ ጸጥ ብሎ ቆሞ ነበር። ውሃውንም መድኃኒት ጨመሩበት፤ እስኪጠራም በቦዩ ለቀቁት።

በሠልስቱ ድንኳኑ ተነሣ። ጋሼ ቸኮል ካስማዎቹን ጠርገው ቆጠሩና፣ "ሙሉ ነው" አሉ። እቃ ቤቱም ተቆለፈ።

ሰው ሁሉ ሲሄድልኝ የአየልኝን ብርጭቆ ይዤ ወጣሁ። ቧንቧው ነፋስ አልተፋም፤ አላሳለም። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሣሁት፤ በውስጡ ማዶ ያለው አጥር ይታያል።

ገባሁና አልጋው አጠገብ ተቀመጥሁ። በወጉ ነገርሁት። ሞት መጣ፤ እቃ ቤቱ ለዳኛው ተከፈተ፤ ዳኛው ካስማውን አነሡ፤ ኃላፊው ጎሹን አዘዙ፤ ጎሹ ቱቦውን ጠገነ፤ ቱቦው ጥሩ ውሃ አመጣ፤ ቧንቧው ጥሩ ውሃ ሰጠ፤ ብርጭቆው ሞላ።

ከዚህ በኋላ ያለው የእሱ ነው። ሁልጊዜ የሚዘጋው እሱ ነበር። ጠበቅሁት።

ውሃው እጄ ላይ እንዳይሞቅ ብዬ ጠጣሁት። ቀዝቃዛ ነው። አፈር አፈር አይልም፤ ጭስ ጭስ አይልም። ነፍሱ አልወጣም።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌንስ በውሃ አብሻለሁ።